ስለ ታላላቆቹ የእሳት ራቶች
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር



ነሐሴ 12 ቀን ማታ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያው ባለው በፋርጣ አገር ልጆች ስለ በዓሉ ዋዜማ ችቦ ያበራሉ። ዝናቡ ጥቂት ፋታ የሰጠ እንደ ሆነ፣ ችቦው ሲንቦገቦግ ብዙ ክንፍ ያለው ፍጥረት ከጨለማው እየወጣ በብርሃኑ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አንዳንዱም ክንፉ ተቃጥሎ ይወድቃል። አባቶች ይህን አይተው የእሳት ራት ብለው ሰየሙት። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገሩን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ጥፍር የሚያህለውንና የሰው መዳፍ የሚያህለውን፣ ሐር የሚሠራውንና ማር የሚሰርቀውን ሁሉ በአንድነት በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነም ልጆች ፍጥረቱ አንድ ይመስላቸዋል።

አስቀድሞ ስለ እሳቱ። የእሳት ራት ብርሃንን ወድዶ ወደ ነበልባል የሚገባ ይመስላል፤ ባለ ቅኔዎችም በዚህ ብዙ ተናግረዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። መርማሪዎቹ እጅግ ፈጣን በሆነ የፊልም መሣሪያ በመብራት ዙሪያ የሚበሩትን ነፍሳት ቢያነሡ፣ አብዛኞቹ ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ሲያዘነብሉ ታዩ። ምክንያቱም ሌሊት ሰማይ ከምድር ይልቅ ብርሃን አለው፤ የሚበርም ነፍሳት ጀርባውን ወደ ብርሃን በመስጠት ላይና ታችን ይለያል። ፋኖስ በጎኑ ሲበራ ግን ፋኖሱን ሰማይ አድርጎ ጀርባውን ወደዚያው ይሰጣል፤ መንገዱም ይጠመምና ሲዞር ያድራል። ስለዚህ ወደ እሳት የሚያደርሰው ፍቅር ሳይሆን መሳት ነው።

የእሳት ራትና ቢራቢሮ የአንድ ነገድ ልጆች ናቸው። ክንፋቸው ሲነካ በጣት ላይ የሚቀረው ትቢያ የሚመስለው ነገር ትቢያ አይደለም፤ እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ የተሰደረ ደቃቅ ቅርፊት ነው፤ ቀለማቸውም ሁሉ በዚህ ቅርፊት ላይ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ነገዱን በጽርእ ቃል ሌፒዶፕቴራ፣ ይህም ማለት ባለ ቅርፊት ክንፍ ብለውታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ካርል ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነገዱን በሦስት ከፍሎት ነበር፤ የቀኖቹን ፓፒሊዮ፣ አመሻሽ ላይ የሚበሩትን ስፊንክስ፣ የሌሊቶቹን ፋሌና አላቸው። ዛሬ ክፍሎቹ ከ100 በላይ ቤተ ሰቦች ሆነዋል፤ ስም የተሰጣቸውም ዐይነቶች 160,000 ይደርሳሉ። ከዚህ ሁሉ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው የእሳት ራት ነው። እንዲያውም ቢራቢሮ ከእሳት ራቶች መካከል ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወጥቶ ቀንን የለመደ አንድ ቅርንጫፍ መሆኑ ታውቋል። ሰው ያከበረው ትንሹን ቅርንጫፍ ነው፤ ግንዱን ግን በመጥረጊያ ያባርረዋል።

ቢራቢሮን ከእሳት ራት ለመለየት ብዙ ጊዜ ቀንዱን ማየት ይበቃል። የቢራቢሮ ቀንድ ቀጭን ሆኖ ጫፉ እንደ ዱላ ያበጠ ነው፤ የእሳት ራት ቀንድ ግን እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው። በቀን የሚበሩ የእሳት ራቶችም ስላሉ ሰዓቱ ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከታላላቆቹ መካከል ሁለት ቤተ ሰቦች ከሌሎቹ ይልቅ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው ሳተርኒዴ ይባላል፤ ከ2,000 በላይ ዐይነቶች አሉት። ክንፋቸው ሰፊ ነው፤ በክንፋቸውም ላይ ብዙ ጊዜ ዐይን የሚመስል ክብ ምልክት ይገኛል፤ ሊበላቸው የመጣ ወፍ ይህን ድንገት ሲያይ ይደነግጣል። በእስያ የሚገኘው አትላስ የሚባለው ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሰው ስንዝር ይበልጣል። በአፍሪካ ከሚታወቁት አንዱ ቡኔያ አልሲኖዬ ሲሆን ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መልኩ ቀይ ዳማ ነው፤ በኋላ ክንፉም ላይ ብርቱካን ቀለም ያለው ዐይን አለበት። ትሉ ጥቍር ሆኖ እሾህ የሚመስል ነጭ ጕጥ የበዛበት ነው፤ ከሚበላቸው ዛፎች መካከል የቢሳና ወገን ይገኛል። በኮንጎ አገር ሰዎች ይህን ትል ለቅመው ይመገቡታል።

ስለዚህ ቤተ ሰብ እጅግ የሚያስደንቀው የአፉ ነገር ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም። ትል ሳለ ባከማቸው ስብ ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይኖራል፤ ሥራውም ጓደኛውን ፈልጎ ዘር መተካት ነው። ሴቲቱ በጨለማ ተቀምጣ ሽታ ትለቃለች፤ ወንዱም እንደ ላባ በሰፋው ቀንዱ ያንን ሽታ ከሩቅ ተቀብሎ ይመጣል። ስለዚህ በቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተገኘውን ታላቅ የእሳት ራት ልብስ ይበላል ብሎ መግደል ትልቅ በደል ነው። ልብስ የሚበላው ብል ነው፤ እርሱም የሌላ ቤተ ሰብ ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ ልብሱንም የሚበላው ገና ትል ሳለ ነው።

እነዚህ ታላላቆች ትላቸው የዛፍ ቅጠል ይሻል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ ጥንታዊው ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ነው ማለት ይቻላል። ደብረ ሰናንና ገላውዲዎስን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም ስለነዚህ ደኖች ሰፊ ጥናት አድርገው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 መጽሐፍ አውጥተዋል። ቢሳናው፣ ወይራው፣ ጽዱና ጥቍር እንጨቱ ለወፎችና ለንቦች ብቻ ሳይሆን ለእሳት ራቶችም ቤት ነው። በባሕር ዛፍ ብቻ በተሞላ ኰረብታ ላይ ፋኖስ ይዞ የቆመ መምህር ልዩነቱን ራሱ ይመለከታል።

ሁለተኛው ቤተ ሰብ ስፊንጊዴ ነው። ትሉ ሲነካ የፊት አካሉን ቀጥ አድርጎ ስለሚቆም፣ በግብጽ በረሓ ያለውን ታላቅ የድንጋይ ሐውልት ይመስላል ተብሎ ስሙ ከዚያ ወጣ። በጅራቱ በኩል ቀንድ የመሰለ ነገር አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን መርዝ አድርጎ ይፈራዋል፤ ነገር ግን አይናደፍም። ክንፍ ሲያወጣ አካሉ እንደ ጦር ሹል፣ በረራውም እጅግ ፈጣን ይሆናል፤ በአየር ላይ ቆሞ ምላሱን በማርዘም የአበባ ማር ይጠጣል። ማታ የሚፈካውን የአስተናግር ነጭ አበባ የሚጠብቅ ተማሪ ሊያየው ይችላል። የምላሱም ርዝመት ተረት የሚመስል ታሪክ አለው። ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ አበባ ቢመለከት፣ ማሩ 30 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ቀጭን ቀንድ ሥር ተቀምጦ አገኘው፤ ይህን ያህል ምላስ ያለው የእሳት ራት በዚያ አገር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። ብዙዎች ሣቁበት፤ በ1903 ግን ሊቃውንት የዚያን የእሳት ራት መገኘት በጽሑፍ አስታወቁ።

ለፋርጣና ለደራ ንብ አርቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሆዱ ቢጫና ጥቍር ነው፤ በጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ይታያል። ሲያዝ እንደ አይጥ ይጮኻል። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ሕዝብ ዘንድ የሞት መልእክተኛ ይባል ነበር፤ ስሙንም የሰጡት ሊቃውንት ከጽርእ ተረት የሙታንን ወንዝና የዕድሜን ክር የምትቈርጠውን ሴት አንሥተው ነው። ምልክቱ ግን የቅርፊት ቀለም ነው፤ ጩኸቱም አየር በምላሱ በኩል ሲገባና ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ይህ ሌባ ሌሊት ወደ ቀፎ ይገባል። ምላሱ አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ የሰሙን ክዳን ወግቶ ማሩን ይጠጣል። ንቦች ስለ ምን አይገድሉትም ተብሎ ብዙ ዘመን ተጠይቋል። በ1991 በአውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፣ በገላው ላይ ያለው ሽታ የንብን ሽታ ስለሚመስል በጨለማው ቀፎ ውስጥ እንደ ቤተ ዘመድ ይታለፋል። ዐይነ ስውር የነበረው የስዊስ ንብ አዋቂ ፍራንሷ ሁበር ከ200 ዓመት በፊት እንደ ጻፈው ደግሞ፣ ንቦቹ ሌባው ሲበዛባቸው በቀፎው አፍ ላይ ግንብ ሠርተው ንብ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይተዋሉ። ስለዚህ የቀፎውን አፍ ማጥበብ ይበቃል፤ መድኃኒት መርጨት አይገባም፤ መድኃኒቱ ንቡንም ይፈጃልና። እውነቱ ከተነገረ፣ ቀፎን ባዶ የሚያስቀረው ይህ ታላቁ ሳይሆን ትሉ ሰም የሚበላው ትንሹ የእሳት ራት ነው።

አትሮፖስ ታላቅ ተጓዥም ነው። በየዓመቱ ከአፍሪካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ይደርሳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በታተመ ሥራ፣ መርማሪዎች በጀርመን አገር በጀርባው ላይ ደቃቅ የራዲዮ መሣሪያ አጣብቀው በአውሮፕላን ተከተሉት፤ ነፋስ ሲገፋውም እንኳ መንገዱን ሳይስት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አገኙት።

በአንጻሩ አገር የሚያስርበው ተምች ክንፍ ሲያወጣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ ማንም የማያስተውለው ዳማ የእሳት ራት ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ ተምችም እንዲሁ ነው፤ የትሉ ምልክት በግንባሩ ላይ ባለ ሁለት ጣት መንሽ የሚመስል ነጭ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብም አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ነጥቦች ናቸው። ይህን ምልክት የሚያውቅ ልጅ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ከአባቱ ቀድሞ ይደርስበታል።

ሐር ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር፤ የማተቡም ክር፣ የመጽሐፉም መጠቅለያ ከዚያ ነበር። አሁን ግን ከሳተርኒዴ ቤተ ሰብ የሆነው፣ መሠረቱ ሕንድ የሆነ፣ የጉሎ ቅጠል የሚበላ የሐር ትል በኢትዮጵያ ይረባል። በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተጠንቷል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ጀምሮም መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ተቋም በአማራ ክልል ወጣቶችን ከንብ ጋራ ይህን ሥራ አስተምሯል። የዚህ ትል የሐር ቤት ጫፉ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ሳይገደል ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል፤ የቀረውም ሐር እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። እንዝርት የማታውቅ እናት በዚህ አገር የለችም። ብቻ ትሉም ጉሎውም ሙቀት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ሥራው ለጉና ግርጌ ውርጭ ሳይሆን ለፎገራና ለደራ ወይና ደጋ ይስማማል።

የደጋው ትምህርት ቤት የራሱ ሀብት አለው፤ እርሱም ድንች ነው። ሺምፐር የተባለው የጀርመን ዕፀዋት አዋቂ በ1858 በአውሮፓ አቈጣጠር ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ ይነገራል፤ ዛሬ የፋርጣ ደጋ ያለ እርሱ አይታሰብም። የአትሮፖስም ትል የድንች ቅጠል ይወድዳል። ርዝመቱ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ በጎኑ ሰያፍ መስመር አለበት፤ የሚበላው ቅጠል ለማሳው የሚያሳስብ አይደለም። ሲጠግብ እንደ ሌሎቹ ሐር አይሠራም፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ዋሻ አበጅቶ ሙሽሬ ይሆናል። ስለዚህ ድንች ሲቈፈር የሰው አውራ ጣት የሚያህል፣ ቀይ ዳማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲገኝ፣ ሲነካም ጅራቱን ቢያወዛውዝ፣ በመቈፈሪያ መምታት አይገባም። በአሮጌ ድስት ውስጥ እርጥብ አፈር ተደርጎ፣ ሙሽሬው በላዩ ተኝቶ፣ በቀጭን ጨርቅ ይሸፈናል፤ ክንፉን እየሰቀለ የሚዘረጋበት አንድ እንጨትም በውስጡ ይቆማል። የተገኘበት ቀንና ቀበሌ በደብተር ይጻፋል፤ አፈሩም እንዳይደርቅ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ውሃ ይርከፈከፍበታል። የሚወጣው ሌሊት ስለ ሆነ ተራ የደረሰው ተማሪ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ጨርቁን ይገልጣል።