ብረት ቀጥቃጩና የሚፈራው ኃይል



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ የሚኖረው ገበሬ ያለ ብረት ቀጥቃጭ ማረስ አልቻለም። ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ሲሠራለት የኖረው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ገበሬ ሕፃን ልጁን ከቀጥቃጩ ዓይን ይሰውራል። ቀጥቃጩ በአገሩ አጠራር «ጠይብ» ይባላል፤ በብዙ ሰው አንደበትም ጠይብና ቡዳ አንድ ናቸው።

በእምነቱ መሠረት ቡዳነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በሰው ውስጥ ያደረ ኃይል ነው። ባለቤቱ ባይፈልግ እንኳ ዓይኑ ያረፈበትን መልከ መልካም ልጅ፣ የምትታለብ ላም ወይም ምግብ የሚበላ ሰው ይጎዳል፤ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ይባላል። የታመመ ሰው «ተበላ» ከተባለ ጭስ ይታጠናል፤ የበላውንም እንዲናገር ይጠየቃል። በዚያች ሰዓት ከታማሚው አፍ የሚወጣ አንድ ስም የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ያናጋል።

መሐንዲስ ይህን ሰምቶ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ነገር ግን በቀጥቃጩ ቤት ያለው ኃይል ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከእርሱ የሚቀርብ ሰው የለም። ወናፉ ሲነፋ አየር ከከሰሉ ይገናኛል፤ ግለቱም ይጨምራል። በቂ ካርቦን ያለበት ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የውስጥ አቀማመጡ ይለወጣል፤ ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲነከርም ይጠነክራል። ቴርሞሜትር የሌለው ባለሙያ መጠኑን የሚያውቀው በጋለው ብረት ቀለም ነው፤ ቀለሙም በፀሐይ ብርሃን በሚገባ ስለማይለይ ጥላ ያስፈልገዋል። ጎረቤት እንደ አስማት የሚቆጥረው ጨለማ ለባለሙያው መለኪያው ነው።

በዚያው አካባቢ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። መድፉ በጋይንት በኩል መንገድ እየተቆረጠለት ተጉዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በመድፉ የሚኮራ ሕዝብ የገዛ አገሩን ቀጥቃጭ ግን ሲሰድብ ኖረ።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ በብዙ ቦታ ርስት ተነፍጎት የኖረው ጠይብ በሕግ ፊት ከሌላው ገበሬ ተስተካከለ።

ዐዋጅ ሊከፍተው ያልቻለ አንድ በር ግን አለ፤ እርሱም የጋብቻ በር ነው። ሁለት ወጣቶች በገበያ ወይም በትምህርት ቤት ተያይተው ቢዋደዱ፣ ሽማግሌ ከመላኩ አስቀድሞ አጥንት ይጣራል፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በልጅቱ ወገን ጠይብ ከተገኘ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጥፋቷን የሚነግራት የለም። ከመከልከሉም የሚብሰው፣ አይታው የማታውቀው ኃይል በውስጧ ይኖር ይሆን ብላ ራሷን መጠርጠር መጀመሯ ነው። ወንዱም ወላጆቹን ላለማሳዘን ዝም ይላል፤ ዝምታውም እምነቱን ለሚቀጥለው ትውልድ ያስተላልፋል።

ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ «መሐንዲስ» ተብሎ ይከበራል፤ አባቱ ግን በዚያው ቀን ጠይብ ነው። እሳቱ ያው እሳት፣ ብረቱም ያው ብረት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ለሥራ የሚሄድ መሐንዲስ የቀጥቃጩን ቤት ይጎብኝ፤ የእሳቱንም ጠባይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያስረዳ። ከማስረዳቱ ይልቅ ግን ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ መሶብ ቀርቦ እንጀራ ቢቆርስ የበለጠ ያስተምራል፤ ያየ ሰው የሰማውን ይመዝናልና። እውነተኛው ፈተና ደግሞ በራሱ ቤት ይጠብቀዋል፤ ለልጁ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ አጥንት ሳይጠይቅ ጠባይን ብቻ መጠየቅ ይችል እንደ ሆነ የሚታየው ያን ዕለት ነው።