የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በገመድ አይጎተትም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መንገድ ላይ ቆሞ ሲቀር ሳይጎዳ እንዴት እንደሚወሰድ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፤ እነዚህ ድምፅ የማያሰሙ መኪናዎች በየመንገዱ በዝተዋል። መኪናው አዲስ ነው፤ ልማዳችን ግን የድሮው ነው። ይህ ያስከተለውን ጉዳት በቤተ ሰባችን አይቼዋለሁ።

አጎቴ የሚተዳደረው በብድር በገዛው የኤሌክትሪክ ታክሲ ነው። አንድ ቀን ማታ የባትሪው ኃይል አልቆ ዳገት ላይ ቆመበት። እኛ የሰፈር ልጆች ተጠራርተን ደረስን፤ ከአንድ አይሱዙ ኋላ በገመድ አስረን እስከ ቤቱ ድረስ አስጎተትነው። ገመዱን ካሰሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። በማግሥቱ ባትሪው ቢሞላም መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። መካኒኩ መርምሮ «የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ ተቃጥሏል፤ ያቃጠለውም መጎተቱ ነው» አለን። መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ አጎቴ ሦስት ወር ሥራ ፈታ፤ የብድሩ መክፈያ ቀን ግን አልጠበቀውም። «አይዞህ ልጄ፤ ለመርዳት ብለህ ነው» አለኝ። ይህ ቃሉ ከቁጣ ይልቅ ስለ ከበደኝ፤ ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ።

የነዳጅ መኪና ማርሹ ፍሪ ሲሆን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ፍሪሲዮን የለም፤ ጎማውና ሞተሩ ዘወትር እንደ ተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ጎማው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል። ማግኔት ያለበት ሞተር በጎማው ኃይል ሲዞር ደግሞ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘውና እኛም በክፍል የተማርነው ሕግ፤ ያን ዕለት ማታ በገመዳችን ጫፍ ሲሠራ አላወቅንም ነበር!

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ መኪናው አራቱም ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው በጠፍጣፋ መጫኛ ይሂድ። ሁለት ጎማ ብቻ የሚያነሣ ክሬን ያሳስታል። ኒሳን ሊፍን ሞተሩ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው፤ ባለ አንድ ሞተሩን ፎልክስዋገን አይዲ 4 ግን በኋላ ጎማዎቹ ነው። የዚህን ፊቱን አንሥቶ መሄድ በገመድ ከመጎተት አይሻልም። ከአደጋ ቦታ ፈቀቅ ለማድረግ ጥቂት ሜትር ቀስ ብሎ መግፋት ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ሁለተኛ፤ ወደ መጫኛው ከመውጣቱ በፊት ማርሹ ፍሪ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ይህ የሚታዘዘው በትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እርሱ ከሞተ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ከሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ይሰጠው። ጎማው አልዞር ካለም ባለ መንኮራኩር ማንሸራተቻ ከሥሩ ይግባ እንጂ በግድ አይጎተት።

ሦስተኛ፤ መንጠቆው የሚያዘው ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ብቻ ነው። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስላለ፤ ሰንሰለትም ሆነ ክሪክ አይንካው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ሽቦዎችም ማንም አይንካ፤ በብዙዎቹ መኪናዎች ውስጥ 400 ቮልት ያህል ይተላለፍባቸዋል።

አራተኛ፤ ከተጫነ በኋላ አራቱም ጎማዎች በሰፊ ቀበቶ ይታሰሩ፤ ታኮም ይደረግላቸው። አይዲ 4ን የመሰለ መኪና ከ2000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉና፤ ሾፌሩ ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ቆም ብሎ ማሰሪያውን እንደገና ይመልከት።

አምስተኛ፤ መኪናው ተጋጭቶ ወይም በጎርፍ ተውጦ ከሆነ፤ ጭስ ከታየ ወይም የማፏጨት ድምፅ ከተሰማ፤ ሰው ሁሉ ይራቅ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ይጠሩ። የተጎዳ ባትሪ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ እንደገና ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከቤትና ከሌሎች መኪናዎች 15 ሜትር ያህል ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፤ ዛሬ ማታ መመሪያ መጽሐፉን ገልጣችሁ ስለ መጎተት የተጻፈውን አንብቡ፤ የጠፍጣፋ መጫኛ ባለቤት ስልክም ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩ። እናንተም ጓደኞቼ፤ ሰው ሲቸገር ሮጦ መድረስ የአገራችን መልካም ባሕል ነውና አትተዉት። ነገር ግን ደግ ልብ ዕውቀት ካልተጨመረበት ወዳጁን እንደሚጎዳ ከእኔ ተማሩ። ገመድ ይዞ የሚሮጥ ሰው ስታዩ «ቆይ፤ መጀመሪያ እንጠይቅ» በሉት።