የዘይቱን ቅጠልና የእናቶች ጥያቄ
(ለሰበካ ጉባኤያት ከቀረበ ንግግር)



በየአጥቢያው ያስተከልነው ዘይቱን፣ ሌሎች ጓቫ የሚሉት፣ ማፍራት ከጀመረ ወዲህ ምእመናን ስለ ቅጠሉም ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅጠሉ ታኒንና ኩዌርሴቲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ከእርሱ የወጣው ንጥርም በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ብግነትን ሲቀንስ ታይቷል። በብዙ አገሮች ለተቅማጥ ተፈልቶ ይጠጣል። ነገር ግን በልክ የተዘጋጀው ንጥርና በማሰሮ የሚፈላው ቅጠል አንድ አይደሉም።

እኔም በአንድ የችግኝ ርክክብ ቀን ቅጠሉን አብዝቼ አመሰገንሁ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘውን ሕፃኗን ሦስት ቀን በቅጠሉ ውኃ ብቻ አቆይታ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። «አንተ አይደለህም ወይ ያልኸን?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ሕፃኑን የሚገድለው የውኃና የጨው ማለቅ ነው፤ ይህን ቅጠል አይተካም። ስለዚህ የሚጠይቃችሁን አትገሥጹ፤ አስቀድሞ አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ እንዲሰጥ፣ ጡት እንዳይቋረጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ፈጥኖ እንዲሄድ ንገሩት። የኮክ ቅጠል ግን ፈጽሞ አይፈላ፤ ወደ ሳያናይድ መርዝ የሚለወጥ ነገር አለበት።