አሥራ ሦስቱ ሴቶችና የጎልፍ ሜዳቸው
(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የወረዳውን ቦታ ጉዳይ ሳንቋጭ ነው የተለያየነው። ለእንጀራ መጋገሪያና ለበርበሬ ማዘጋጃ ይሆናችኋል ተብሎ የታየን ሼድ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ነው። ግማሾቻችን «ይህማ ንቀት ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ዝም አይነቅዝም፤ የሰጡንን እንቀበል» አልን። ዛሬ ሂሳቡን ከማንበባችን በፊት ስለ አንድ የጎልፍ ክለብ እንናገር ስንል ሰብሳቢያችን ስቀውብናል። አይፈረድባቸውም፤ ጎልፍን አብዛኞቻችን በአጥር በኩል ነው የምናውቀው። ታሪኩ ግን የሴቶች ማኅበር ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1937 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 13 ጥቁር ሴቶች ሄለን ዌብ ሃሪስ በምትባል መምህርት ቤት ተሰበሰቡ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 14 ቀን 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ከየካቲት 12 ሐዘን ገና አልተነሣችም ነበር። የብዙዎቹ ባሎች የሮያል ጎልፍ ክለብ አባላት ስለነበሩ ቅዳሜና እሑድን ሜዳ ላይ ነው የሚያሳልፉት። ሴቶቹም ቤት ቁጭ ብለን ከምንጠብቅ ራሳችን እንጫወት አሉና ክለብ መሠረቱ። ስሙንም በአንድ የዱር አበባ ዌክ ሮቢን አሉት። ዓላማቸው መዝናናት ብቻ አልነበረም፤ ጥቁር ሴት በጎልፍ ዓለም ቋሚ ቦታ እንዲኖራት፣ ከመካከላቸውም ሻምፒዮን እንዲወጣ ነበር። ወጣም፤ አባላቸው ኤተል ፈንችስ የጥቁር ጎልፈኞችን ብሔራዊ ውድድር ደጋግማ አሸንፋለች።

ችግሩ መጫወቻው ነበር። የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ቢሆኑም ደህና ደህናዎቹ ለነጭ ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ ክለቡን ባቋቋሙ በዓመቱ፣ በ1938፣ ማመልከቻ ጻፉ። የጻፉት ለሜዳው ዘበኛ ወይም ለከተማው ሹም አይደለም። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለነበር በቀጥታ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ ነው። ለማን መጻፍ እንዳለባቸው ማወቃቸው ግማሽ ሥራ ይመስለናል። እኛ ባለፈው ዓመት ሦስት ደብዳቤ ለተሳሳተ ክፍል አስገብተን የከረምነውን ታስታውሳላችሁ።

በ1939 መልስ መጣ። ላንግስተን የተባለ የጎልፍ ሜዳ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ተከፈተላቸው። ስሙ የተሰጠው ከቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሜሪካ ምክር ቤት ለተመረጠው ጥቁር፣ ለጆን መርሰር ላንግስተን መታሰቢያ ነው። ስሙ የከበረ ይሁን እንጂ ቦታው የድሮ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓድ ሲኖረው ለእነርሱ የተሰጣቸው 9 ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ገብተው ተጫወቱበት። ነገር ግን «ተሰጥቶናል» ብለው ማመልከቻቸውን አላጠፉም፤ ሌሎቹም ሜዳዎች ይከፈቱ የሚለው ግፊት ቀጠለ። በ1941 ኢክስ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አዘዘ። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀላል ነበር፤ ጥቁር ተጫዋቾች ቀድሞ በተከለከሉበት ሜዳ ሲገቡ ስድብ ተቀብሏቸዋል፣ በፖሊስ ታጅበው የተጫወቱም ነበሩ። ሄለን ሃሪስ በ1947 የኢስተርን ጎልፍ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር አባልነትን ለነጭ ብቻ የሚፈቅደውን አንቀጽ በ1961 እስኪሰርዝ ድረስም ክለቡ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር።

የማይጥመውንም እንንገራችሁ፤ ሂሳብ ሲቀርብ ወጪው አይደበቅም። ላንግስተን 18 ጉድጓድ የሞላው በ1955 ነው። በግማሽ ሜዳ 16 ዓመት ቆይተዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ግቡ እንጂ ሌላው በኋላ ይስተካከላል» የሚሉን ሰዎች፣ ያ «በኋላ» ስንት ዓመት እንደሆነ ይንገሩን።

አንድ ነገር እንጨምር። የዌክ ሮቢን ሰነዶች ዛሬ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከል ተቀምጠዋል። ቃለ ጉባኤ ይፈረም፣ ደረሰኝ ይምጣ ስንል «ለማን ብላችሁ ነው?» የምትሉን እኅቶች ይህን ስሙልን። በሶፍት ቁራጭ ላይ የተጻፈ የሽሮ ግዢ ግን አሁንም አንቀበልም።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ የሂሳብ ክፍላችን ሐሳብ ሼዱን በጽሑፍ እንቀበል የሚል ነው። በዚያው ደብዳቤ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ገንዳው እንዲነሣ፣ የውኃ መስመር እንዲገባልን፣ የፍሳሽ ቦዩ እንዲከደን። ለእያንዳንዱ የመልስ ቀን እንዲቆረጥም ጠይቀናል፤ ቀኑ ካለፈ ወደ ክፍለ ከተማ እንሄዳለን። «አንቀበልም» የምትሉም ስማችሁና ምክንያታችሁ በቃለ ጉባኤው ይግባ፤ አንደብቀውም።

ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡና እስኪፈላ አንብባችሁ ፈርሙ፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እናቶች የጣት አሻራ ቀለሙ አለ። አሁን የሩብ ዓመቱን ሂሳብ እናንብብላችሁ።