አልወጣም ያለ ታምቡር፦ ስለ ቮልስ የኋላ ፍሬን የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ቮልስዋገን ቢትል የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ቮልስን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው እሷ ናት። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም እንነዳታለን፣ እንፈታታለን፣ አንዳንዴም እንሰብራታለን።

ብዙውን ጊዜ የምንሰብረው ታምቡሩን ስናወጣ ነው። ታምቡር የሚያዘው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መሀሉ ሲሆን፣ የታምቡሩ ጥርስና የአክስሉ ጥርስ ዝጎ ይጣበቃል። ሁለተኛው ውስጡ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይያያዛል፣ ወይም ለዓመታት በተበላው ግድግዳ ጠርዝ ላይ የቀረው ከንፈር ሸራውን አላሳልፍ ይላል። የትኛው እንደያዘ ሳያጣሩ መዶሻ ማንሳት ከውስጥ የተቀረቀረ በርን ማጠፊያውን እንደ መደብደብ ነው።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ታምቡሩን በእጅ አዙሩት። ጨርሶ ካልዞረ ሸራው ነው የያዘው። ክረምቱን ሙሉ የእጅ ፍሬን ተስቦ የቆመ መኪና እንዲህ ይሆናል። እየዞረ ቅንጣት ወደ ውጭ ካልመጣ ጥርሱ ዝጓል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጥቶ ከቆመ ደግሞ ከንፈሩ ነው።

ለሸራው መድኃኒቱ ማላላት ነው። መኪናው ውስጥ ከእጅ ፍሬኑ እጀታ ሥር ገመዱን አላሉት፤ ከዚያ በማስተካከያው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ባለ ጥርሱን ማስተካከያ ሸራው እስኪሰበሰብ አዙሩት። ሸራው ዝጎ ከተጣበቀ የታምቡሩን ፊት በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ምቱት። ጠርዙን ግን አትንኩ! ታምቡሩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነውና ጠርዙ ሲመታ ይሰነጠቃል።

አስቸጋሪው ጥርሱ ነው። አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ባለ 36 ዳዶ የሚጠብቀው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ቱቦ ጫፍ 30 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። ዓመታት ዝጎ የቆየውን ለመፍታት ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ መኪናው በክሪክ ሳይነሳ፣ ጎማው መሬት እንደረገጠ፣ መቆለፊያ ሽቦው ወጥቶ ይላላ። ሁለቱም የኋላ ዳዶዎች ወደ ግራ ነው የሚፈቱት፤ ተቃራኒ ጥርስ ያለው የፊት ግራው ብቻ ነው።

ከዚያ ፑለር ይታሰራል። በጎማ ብሎን ቀዳዳዎች የሚታሰረውን ፈልጉ፤ ጠርዙን በእግሮቹ የሚይዘው ታምቡሩን ያጎብጣል። የመሀሉን ብሎን አጥብቃችሁ፣ ጥርሱ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስሳችሁ፣ ለሌሊቱ ተዉት። ጠዋት ትንሽ አጥብቃችሁ የብሎኑን ራስ ምቱት። ዳዶው ጥቂት ጥርስ ይዞ መቅረት አለበት፤ ድንገት ሲላቀቅ ታምቡሩ ዘሎ ሰው ይመታል። እሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከኋላው ዘይት የሚከለክል ጎማ አለ፣ የፍሬን ዘይትም ይነዳል።

ሲወጣ በኮምፕረሰር አትንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

ሲመለስ የታምቡሩን ጥርስ በጣት ዳስሱ። ላልቶ የተነዳ ዳዶ ጥርሱን ይበላዋል፤ ጥርሱ የተበላ ታምቡር ይጣላል እንጂ አይመለስም። ዳዶው በልኩ ከጠበቀ በኋላ የሽቦው ቀዳዳ አልገጥም ካለ ወደፊት ይጠብቅ፤ ወደ ኋላ ማላላት ክልክል ነው።

የጋራዥ ባለቤቶች ሆይ፣ ይህን ዳዶ በግምት የሚያጠብቅ ሠራተኛ አታሰማሩ፤ መለኪያ ያለው ቁልፍ ግዙለት። የመኪና ባለቤቶችም መኪናችሁን ስትረከቡ ዳዶው በስንት ኒውተን ሜትር እንደጠበቀ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።