የባቡሩ ትርፍ የማን ነው?

(በጊንጆ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ጅማ ስለሌላት ነገር፣ ይኸውም ስለ ከተማ ባቡር ነው። ሐዲድ በሌለበት ስለ ሐዲድ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን አስቀድመን እንሰጣለን። ባቡርም ሆነ ሰፊ መንገድ ሊመጣ ነው በተባለበት ሁሉ የመሬት ዋጋ ይነሣል። ጭማሪው በማን እጅ እንደሚገባ ግን ገና ካርታው ሲነደፍ ይወሰናል። ሪባኑ በሚቆረጥበት ቀን ትርፉ ተከፋፍሎ አልቋል። ስለዚህ ነገሩን መመርመር የሚጠቅመው ሐዲዱ ሳይመጣ ነው።

አገራችን ይህን ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ጥንታዊቱን የንግድ ከተማ ሐረርን በጎን ትቶ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋም በሐዲዱ ምክንያት ከሜዳ ተነሥታ ከተማ ሆነች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር ስሙን እንኳ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ወሰደ። የእኛም ጅማ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ ሳለ፣ ጣሊያኖች አዲሱን ከተማ የሠሩት በታች፣ የሂርማታ ገበያ በነበረበት በኩል ነው። ገበያና መንገድ ሰውን ይጠራሉ፤ ሰው በበዛበትም ቦታ ይወደዳል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መስመሮች፣ ማለት ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያሉት፣ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። የዶላር ብድር የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነውና የጅማና የአጋሮ ቡና ገበሬ ባቡሩን ሳይሳፈርበት ከከፋዮቹ አንዱ ሆኗል።

በከተማው ዳር በቤትና በቦታ ላይ ገንዘብ ለሚያፈሱ ሰዎች ይህ ሐዲድ ሦስት ነገር አስተማረ።

አንደኛ፣ በሐዲድ አጠገብ መሆንና በጣቢያ አጠገብ መሆን አንድ አይደለም። ሐዲዱ በብዙ ስፍራ በአውራ መንገዱ መካከል በአጥር ተከልሎ ያልፋል። በጣቢያው ደጃፍ ያለ ቤት መንገደኛ ሲያገኝ፣ በሁለት ጣቢያ መካከል ያለ ሱቅ ግን ከማዶ ተሻግሮ ይመጣ የነበረውን ደንበኛ በአጥሩ ምክንያት ያጣል።

ሁለተኛ፣ ቤቱና ሐዲዱ ሳይገናኙ ቀሩ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ እነዚያ ታላላቅ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች፣ የተሠሩት ሐዲዱ ካበቃበት ከአያትና ከቃሊቲ ወዲያ ነው። ባቡር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ባቡሩ ዘንድ ለመድረስ ታክሲ መሰለፍ ግድ ሆነበት።

ሦስተኛ፣ ባቡር ዋጋ የሚኖረው ሲሄድ ብቻ ነው። በ41 ባቡሮች የተጀመረው አገልግሎት ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መለዋወጫ ዕቃ በማጣት አብዛኞቹ ባቡሮች ቆሙበት። ለባቡሩ ቅርበት ሲል በውድ የገዛ ሰው ቤቱ በእጁ ቢሆንም የገዛው ቅርበት ግን ከባቡሩ ጋር ቆመ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ የቦታው ዋጋ ሲነሣ ትርፉ የማን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ነገር ግን ቦታው በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። የፈረሰ የጭቃ ቤት በዋና መንገድ ዳር በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለጭቃው አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታውን ግማሽ ሳያደርስ ቦታውን የሚያስተላልፍ ሰው ከጭማሪው የሚያገኘውን ትርፍ በጠባቡ ወሰነ። የሕጉ ሐሳብ መልካም ነበር፤ ደላላው ግን ከሕጉ ይፈጥናል።

በሌላው ወገን ያለው ገበሬ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በ10 አባዝቶ ካሰ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ካልተሰጠው ከሦስት ዓመት ከፍተኛ የሆነውን ገቢ በ15 አባዛ። ማሻሻሉን አንክድም። ሆኖም ስሌቱ ገበሬውን የሚያየው በቡናው ነው። ነገ ጣቢያ የሚቆምበትን መሬት የለቀቀ አባት የሚከፈለው ስለ ቡናው ምርት ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያተርፈው ከጣቢያው ነው። ከመካከላችን የብዙዎቻችን ቤተ ሰብ በከተማ ዳር ነውና ይህ ለእኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም።

ገንዘቡን ደፍሮ ያፈሰሰ ሰው ትርፍ አይገባውም ወይ የሚሉ አሉ። ይገባዋል እንላለን። የሠራው ቤት፣ ያቆመው ፎቅ፣ የከፈተው ሆቴል ትርፉ የእርሱ ነው። ሕዝብ በብድር በገዛው ሐዲድ ምክንያት የመጣው ጭማሪ ግን የከፈለው ሕዝብ ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክ ሁለቱንም መንገድ ያሳያል። በሎስ አንጀለስ ሀንቲንግተን የተባለ ባለጠጋ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ መሬት እየገዛ ወደ መሬቱ ሐዲድ ዘረጋ። ትርፉን ከቲኬት ሳይሆን ከቦታ ሽያጭ አገኘ፤ የዚያ ኩባንያ መንገደኛ ማመላለሻ የመጨረሻው መስመር እ.ኤ.አ. በ1961 ተዘጋ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ መሬት እንደ እኛ በሊዝ ይሰጣል። የባቡሩ ድርጅት በጣቢያው ዙሪያ የመገንባት መብትን ሐዲዱ ሳይኖር በነበረው ዋጋ ከመንግሥት ይወስዳል፤ ከቤት ሠሪዎች ጋር ገንብቶ በትርፉ ሐዲድ ይሠራል። እንግዲህ የሊዝ ሥርዓት ያለው አገር መሣሪያው በእጁ ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከአዲስ አበባ በኢጃጂ ወደ ጅማ የሚመጣ ሐዲድ ታቅዶ ነበር፤ አልተሠራም። እርሱ ወይም ሌላ ታላቅ መንገድ የመጣ ቀን ሦስት ነገር እንዲደረግ እንጠይቃለን። ካርታው ለሁሉ በአንድ ቀን ይገለጥ፤ ለጥቂቶች በሹክሹክታ አይድረስ። የጣቢያው ዙሪያ መሬት አስቀድሞ በሕዝብ እጅ ይጠበቅ፤ ከሊዙም ገቢ የተወሰነው ለባቡሩ ጥገና ይቀመጥ። የሚነሣው ገበሬ ከካሳው ሌላ በዚያው በጣቢያው አጠገብ ቦታ ይሰጠው፣ ልጆቹ ሱቅ ከፍተው ይኑሩበት።

በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ግብሩ ከዋጋው ጭማሪ ለከተማው የሚመልሰው ምን ያህል እንደ ሆነ የሕግና የኢኮኖሚ ተማሪዎች እንዲመረምሩ፣ የምሕንድስና ተማሪዎችም በከተማው ዳር የቦታ ዋጋ በየዓመቱ እንዴት እንደሚሄድ መዝገብ እንዲይዙ አደራ እንላለን። መዝገብ ከሌለ የነገው ክርክር ጩኸት ብቻ ይሆናል።

አባቶች «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ይላሉ። ለጅማ ገና ጊዜ አለ፤ እንመጥን።