የአንገት መተንፈሻ ቱቦ ዓይነቶችና ጥቅማቸው
(ለአንበሳሜ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ተደርጎለት ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ወደ አንበሳሜ ለሚመለስ ሰው፣ ሌሊት ቀድሞ የሚደርስለት ሐኪም ሳይሆን የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ የቱቦውን ዓይነት ማወቅ ይገባናል።

ሐኪም ይህን ቀዳዳ የሚከፍተው የላይኛው የአየር መንገድ በዕጢ፣ በእብጠት ወይም በጉዳት ሲዘጋ፣ ወይም በሽተኛው ለብዙ ቀን በመሣሪያ ሲተነፍስ ነው።

አንደኛው ዓይነት ፊኛ ያለው ቱቦ ነው። ፊኛው ሲነፋ አየር በጎን ስለማያመልጥ፣ በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ፊኛ የሌለው ሲሆን፣ በራሱ ለሚተነፍስ ሰው ይስማማል። ሦስተኛው ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ነው፤ አየር ወደ ድምፅ አውታር ስለሚያሳልፍ ለመናገር ይረዳል። የሚሠሩትም ከፕላስቲክ፣ ከሲሊኮን ወይም ከብረት ነው። ብዙዎቹ የሚወጣና የሚታጠብ የውስጥ ቱቦ አላቸው፤ አክታ ሲደፍነው እርሱን አውጥቶ ማጽዳት ነፍስ ያድናል።

አጥብቄ የማሳስበው ይህን ነው፦ ፊኛው ተነፍቶ ሳለ የመናገሪያ ክዳን ከቶ አይደረግ። የገባው አየር መውጫ ያጣል፤ ሰውየውም ይታፈናል።

ጤፍ በሚወቃበት ወራት አቧራና ገለባ እንዳይገባበት፣ ክሩ የማይበተን ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በቱቦው ፊት ላላ ተደርጎ ይንጠልጠል። በጉማራ ወንዝ መዋኘት አይገባውም፤ ውኃው በቀጥታ ሳንባ ይገባል።

ድምፅ አውጥቶ መጣራት ለማይችለውም ሰው፣ ሌሊት የሚያንቃጭለው ቃጭል ከራስጌው አይታጣ።